ካሜራዋን ራሷ የያዘች ሴት

በላስታ ደጋ ላይ ያለችውን ላሊበላን ለአውሮፓ ሰዎች አስቀድሞ በመጽሐፍ የገለጠ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ ነው። እርሱም በ1520 እ.ኤ.አ. ከንጉሡ መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ 1526 ተቀመጠ፤ መጽሐፉም በ1540 ታተመ። ከዓለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት በዓይኑ ካየ በኋላ፣ የሚያነብቡት ሰዎች ሐሰተኛ እንዳይሉት ፈራ፤ ስለዚህም የጻፈው ሁሉ እውነት እንደ ሆነ በእግዚአብሔር ስም ማለ።

ዛሬ ካሜራ ስላለ መማል አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ብርዕ ያለ ጸሐፊ እንደማይጽፍ፣ ካሜራም ያለ ሰው አያይም። ቤተ ጊዮርጊስን ከጕድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ቍልቍል ያነሣ ሰው ጣራውንና በጣራው ላይ የተቀረጸውን መስቀል ያሳያል። በተቈረጠው መንገድ ወርዶ ከግድግዳው ሥር የቆመ ግን ያው ሕንጻ እንደ ገደል በላዩ ሲቆምበት ያያል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ያሳዩት ነገር ግን አንድ አይደለም። ደግሞ በገና ዕለት ብቻ የሚመጣ እንግዳ አለ። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ዓለት ላይ ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ሲሉ አንሥቶ በማግሥቱ ይሄዳል። ገብሱን የሚያበራየውን ገበሬና ውኃ የምትቀዳውን ሴት አላያቸውም፤ ለአገሩ ሰው ግን ከዓመቱ የሚበዛው ቀን የእነርሱ ቀን ነው።

በፊልም ሥራ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ሞያዎች አሉ። አንደኛው ፊልም አንሺ ነው፤ እርሱም ካሜራው የት እንዲቆም፣ ብርሃኑ ከየት እንዲገባ፣ ሰውየው ምን ያህል ቀርቦ እንዲታይ ይወስናል። ሁለተኛው ዳይሬክተር ነው፤ እርሱም ምን እንዲነገር፣ ምን እንዲቀር፣ ነገሩም በምን ቅደም ተከተል እንዲሄድ ያዝዛል። ብዙ ገንዘብ ባለበት ሥራ ሁለቱ ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። ካሜራውን መሸከም ለብዙ ዘመን የወንድ ሥራ ሆኖ ኖረ፤ ሸክሙን ሴት አትችለውም የሚሉም ነበሩ። የላስታን ሴቶች እንስራ አዝለው ዳገቱን ሲወጡ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም።

ላሊበላን በፊልም ካነሡት መካከል ሶስና ሰሎሞን አንዲቱ ናት። እርሷ በአሜሪካ የምትሠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ናት፤ ፊልም አንሺም ዳይሬክተርም ሆና ትሠራለች። ከዚህ ቀደም ስለ አዲስ አበባ መርካቶ ፊልም ሠርታ ነበር። በኋላም የኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ከሚባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ጋር ሆኖ፣ በአፍሪካ ያሉትን ታላላቅ የጥንት ሥፍራዎች በፊልም እንድታነሣ ሥራ ሰጣት፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ከእነዚህ ሥፍራዎች አንዱ ናቸው። ፊልሞቹም የሙዚየሙ የአፍሪካ ክፍል ታድሶ በ2025 እ.ኤ.አ. በግንቦት መጨረሻ በተከፈተ ጊዜ ለሕዝብ ታዩ።

እንዲህ ባለ ሥፍራ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ማወቅ ይገባል። በውጭ የደጋው ፀሐይ ዓይን ይወጋል፤ በውስጥ ግን መስኮቱ ጥቂትና ጠባብ ስለ ሆነ ቤቱ ጨለማ ነው። የሰው ዓይን ጥቂት ቆይቶ ሁለቱን ይለምዳል፤ ካሜራ ግን እንዲህ አይችልም። በመስኮቱ ብርሃን ልክ ቢያስተካክሉት ካህኑ እንደ ከሰል ይጠቍራል፤ በካህኑ ፊት ልክ ቢያስተካክሉት መስኮቱ ነጭ እሳት ይሆናል። ስለዚህ አንሺው ወይ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል፣ ወይም ፀሐይዋ እስክትዞር ድረስ ይጠብቃል።

በመጠበቅ ግን ከሁሉ ይልቅ የታወቀችው ሌላ ሴት ናት፤ ስሟም ጄሲካ በሽር ይባላል። አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ የሜክሲኮ ሰው ናት። በሜክሲኮ ተወልዳ በሐረር አደገች፤ በ16 ዓመቷም በአገሩ ሁከት ምክንያት ከቤተሰቧ ጋር ተሰደደች። በሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማረች፤ ኋላም በኒው ዮርክ በብሩክሊን ተቀመጠች። አስቀድማ የሠራቻቸው አጫጭር ፊልሞች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የታየው «ሐይራት»፣ በሐረር ከግንቡ ውጭ ሌሊት ሌሊት ጅቦችን ስለሚያበላ ሰው የተሠራ ነው። በጨለማ ውስጥ በጥቂት ብርሃን ማንሣትን በዚህ ሥራ አሳየች።

ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ሐረርጌ ስትመለስ ያደገችበት አገር ተለውጦ ቆያት። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል፤ ጫት ከቡና ይልቅ ፈጥኖ ገንዘብ ያመጣልና። ጫትም ከተቈረጠ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ኃይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ ሰዎች ሌሊቱን በእጃቸው እየለዩ ያስሩታል፣ መኪናውም ሳይነጋ ወደ ገበያ ይበርራል። የአገሩ ሰው ኑሮ ሁሉ በዚያ ቅጠል ሩጫ ተያዘ። ብላቴኖቹም ግማሾቹ በምርቃናው ሲሰወሩ፣ ግማሾቹ ባሕር ተሻግረው ለመሰደድ ያስባሉ።

ጫት ክፉ ነው ብሎ መስበክ ቀላል ነበር፤ አንድ ወርም ይበቃው ነበር። እርሷ ግን እየተመላለሰች አሥር ዓመት ያህል ቆየች። አንድን ብላቴና አገኘች፤ አባቱ የጫት ሱሰኛ ነው፤ ልጁም የአባቱን ጠባይ እየፈራ ይኖራል፤ ልቡም ወደ ስደት ያዘነብላል። ልጁን አልመከረችውም፤ አባቱንም አልከሰሰችውም። ካሜራዋን ይዛ በአጠገባቸው ተቀመጠች። በአንድ ቀን የሚመጣ እንግዳ ከእንዲህ ያለ ቤት የሚያገኘው ወይ እፍረት ወይ ልመና ነው፤ የዓመታት ባልንጀራ ግን ዝምታቸውን እንኳ ይሰማል።

ይህ ፊልም «ፋያ ዳዪ» ይባላል፤ በጥቍርና ነጭ የተነሣ ሲሆን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በውስጡ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ይሰማል፤ የሐረር ሱፊዎች ስለ ሕይወት ውኃ የሚተርኩትም ታሪክ ተሸምኖበታል። ነገሩ በዝግታ ስለሚሄድ የሚሰለች ተመልካች እንዳለ አይካድም። ነገር ግን ሩጫውን በሩጫ ብታሳየው ኖሮ፣ ቅጠሉን የሚለዩትን ሰዎች እጅ ማን ያያቸው ነበር?

ፊልሙ በ2021 እ.ኤ.አ. በጥር በሰንዳንስ የፊልም በዓል ታየ። በዚያው ዓመት በስዊስ አገር በኒዮን ከተማ በሚደረገው በዓል ታላቁን ሽልማት ተቀበለ፤ በዓመቱ መጨረሻም ለኦስካር ሽልማት አስቀድመው ከተመረጡት 15 ዘጋቢ ፊልሞች ጋር ተቈጠረ። በፊልሙ የሠራተኞች ስም ዝርዝር ላይ በዳይሬክተር ስፍራ ጄሲካ በሽር ተብሎ ተጽፏል፤ በፊልም አንሺ ስፍራም የተጻፈው ያው ስም ነው።