በታኅሣሥ ወደ ዳናክል፦ የውኃው ሒሳብ

በልደታ ማርያም አካባቢ የሚኖሩ አራት ተማሪዎች በታኅሣሥ ወር ከከተማ ወጥተው፣ ከሰውም ርቀው፣ በዳናክል ዝቅተኛ ሥፍራ ድንኳን ተክለው ሦስት ሌሊት ለማደር አሰቡ እንበል። ስለ በረሃ ሌሊት ቅዝቃዜ ብዙ አንብበዋልና በመጀመሪያ የሚጠያየቁት ስንት ብርድ ልብስ እንደሚይዙ ነው። እኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊሰላ የሚገባው የሚጫነው ውኃ መጠን እንደሆነ በትምህርት ቤት በምናውቀው ፊዚክስና ባዮሎጂ ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ስለ ወቅቱ ስም ጥቂት እንበል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚታተሙ የጉዞ መጻሕፍት በረሃን በ«ክረምት» መጎብኘት እንደሚሻል ይመክራሉ። ይህን ምክር ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ወዳጆቹን በሐምሌ ወደ ዳናክል ይሰዳቸዋል! የእነርሱ ክረምት ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ድረስ ያለው የእኛ በጋ ነው። ዳናክል ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ14 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ስለሚገኝ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 53 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ በሰኔ ግን 81 ዲግሪ ያህል ትደርሳለች። ስለዚህ በታኅሣሥ ቀትር በአንድ ካሬ ሜትር ጠፍጣፋ መሬት ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ከሰኔው 80 በመቶ ገደማ ነው። ቀኑም ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ያጥራል።

ወደ ብርድ ልብሱ እንመለስ። በረሃ ሌሊት የሚቀዘቅዘው መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ስለሚመልስና ይህን ጨረር የሚያግድ ደመናና የውኃ ተን ስለሚያንስ ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ዳናክል የራሱ ጠባይ አለው። የዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች 125 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ሲሆን ልደታ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ ዝቅ ባለ ቁጥር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚሞቅ ከከፍታው ልዩነት ብቻ 16 ዲግሪ ያህል እናገኛለን። የአዲስ አበባ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የተገኘው አማካይ ደግሞ 34.6 ነበር። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት በዚያ ወደ 25 ዲግሪ ይጠጋል። በዚያው ሌሊት ልደታ ላይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ብርድ ልብሱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ከጉዞው ለቀረው ሰው ነው። (በነገራችን ላይ ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ ዳሎል ላይ ከ100 በጥቂቱ አልፎ ስለሚፈላ ክክ በዚያ ቶሎ ይበስላል፤ ከሰልም ይቆጥባል።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የታኅሣሥ ቀትር በዳሎል 35 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል። የሰው ቆዳ ሙቀትም ወደ 35 ዲግሪ ነው። አየሩ ከቆዳችን እኩል ወይም በላይ ከሞቀ ሰውነት ሙቀቱን ለአየሩ ሊያካፍል አይችልም፤ የቀረው መውጫ ላብን ማትነን ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በጥላ ሥር ዐርፎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ይህም በሰዓት 360,000 ጁል ነው። ለሁለት ነጥብ አራት ሚሊዮን ብናካፍለው በሰዓት 0.15 ሊትር ላብ ይወጣል። ያው ሰው ሲራመድ 350 ዋት ያህል ስለሚያመነጭ ላቡ ከግማሽ ሊትር ያልፋል። በፀሐይ ሲራመድ ደግሞ ከሰማይና ከነጩ የጨው ሜዳ የሚያርፍበት ሙቀት ይጨመራል፤ እርሱን 200 ዋት ብለን ብንገምት በሰዓት 0.8 ሊትር በላይ ይሆናል።

በፀሐይ ስድስት ሰዓት የተራመደ ሰው በመንገዱ 5 ሊትር፣ በቀሩት ዐሥራ ስምንት ሰዓቶች 2.7 ሊትር፣ በሽንት 1 ሊትር ያህል ያጣል። ድምሩ 8.7 ሊትር ነው። ንጋትና አመሻሽ ላይ ሦስት ሰዓት ብቻ ተራምዶ ቀትሩን በጥላ ያሳለፈው ግን 5.7 ሊትር ይበቃዋል። ለሁለቱም ለምግብ ማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ 1.3 ሊትር እንጨምርላቸው፦ 10 እና 7 ሊትር።

አራቱ ተማሪዎች አራት ቀን ይቆያሉ፤ መኪናው ቢሰበር ተብሎ አንድ የመጠባበቂያ ቀን ይታከላል። በቀን 7 ሊትር ለአራት ሰው፣ ለአምስት ቀን 140 ሊትር ወይም ሰባት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ነው። እነዚሁ ሰባት ጀሪካኖች በቀትር ለሚራመዱት ሦስት ቀን ተኩል ብቻ ይደርሳሉ። ውኃው የሚያልቀው በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ የመጠባበቂያው ቀን ገና ሳይጀምር ነው።

«ታዲያ ትንሽ ትንሽ እየጠጡ መቆጠብ አይቻልም?» የሚል ይኖራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኤድዋርድ አዶልፍና የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ይህንኑ በአሜሪካ በረሃዎች በወታደሮች ላይ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1947 አሳትመዋል። ያልጠጣ ሰው ላቡ በዚያ ልክ አይቀንስለትም፤ የሚቀንሰው በደሙና በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ሊቆጠብ የሚችለው ላቡ ሲሆን እርሱም በጥላ፣ በሰፊ ልብስና በሥራ ሰዓት ምርጫ ነው። ሁለተኛው ግኝታቸው ይበልጥ የሚያሳስብ ነው፦ ውኃ በእጃቸው እያለ እንኳ ሰዎቹ ያጡትን ያህል አይጠጡም ነበር። ጥም ከጉድለቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ጉድለቱ ሳይሞላም ይጠፋል። ስለዚህ በየሰዓቱ በኩባያ ለክቶ መጠጣት እንጂ ጥምን መጠበቅ አይበጅም። በሜዳው የሚገኘውን ጨዋማ ውኃ መሞከር ደግሞ ጭራሽ የከፋ ነው፤ ኩላሊት ጨውን ለማስወጣት ከተጠጣው በላይ ውኃ ያባክናልና።

የድንኳኑን ቦታ መምረጥ ረጅም ሐተታ አይሻም። በደረቅ ወንዝ ውስጥ አይተከልም፤ በሠፈሩበት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በትግራይና በወሎ ደጋ የጣለ ዝናብ በሌሊት ጎርፍ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። በፍል ውኃዎቹ አጠገብ ባለ ጎድጓዳ ቦታም አይታደርም። ከምድር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ስለሚከብድ ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንደ ውኃ ወደ ዝቅታው ይጠራቀማል። በዳሎል ኩሬዎች ዳር ሞተው የሚገኙት ወፎች የዚህ ምስክር ናቸው።

«ከሰው ርቆ» የሚለውም ሐሳብ መታረም አለበት። በካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው መሬት የአፋር ጎሣዎች ግጦሽና የውኃ ጉድጓድ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የአዋሽን መጨረሻ ለማግኘት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1933 በግመል ተነሥቶ በመንግሥት ትእዛዝ መንገዱን አቋርጦ እንዲመለስ ተደርጓል፤ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ሄዶ ወንዙ አቤ ሐይቅ ውስጥ እንደሚያልቅ ለማየት የበቃው የአውሳው ሱልጣን ሲፈቅዱለት ነው። ዛሬም ያለ ክልሉ ፈቃድና ያለ አገሬው መሪ መግባት አላዋቂነት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 በኤርታ አሌ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገድለዋል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 2025 ደግሞ፣ በዚሁ በጉዞው ወቅት፣ ቀድሞ መፈንዳቱ በታሪክ ተመዝግቦ የማይታወቀው ኃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል። አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ዳጉ የሚባል ሥርዓት አላቸው፤ ውኃ የት እንዳለ፣ የት ጎርፍ እንደወረደ፣ የትኛው መንገድ ሰላም እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። ስልክ በማይሠራበት ሜዳ ከዚህ የተሻለ የመረጃ ምንጭ ስለማይገኝ ተጓዦቹ ወዴት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለሁሉም መንገር አለባቸው እንጂ መደበቅ የለባቸውም።

ይህን ካልን ዘንድ የላይኛው ስሌታችን ስሕተት እንዳለበት አንባቢያን ሳይገነዘቡ አልቀሩም። ከአራቱ ተማሪዎች ጋር መሪውና ሹፌሩም ይጠጣሉ። ስድስት ሰው ሲሆኑ ውኃው 210 ሊትር፣ ዐሥራ አንድ ጀሪካን ይሆናል። 210 ኪሎ ግራም ውኃ፣ ስድስት ሰው፣ ድንኳንና መለዋወጫ ጎማ በአንድ መኪና አይጫንም፤ ውኃውንም ሁሉ በአንድ መኪና ላይ ማድረግ አይገባም። ሁለተኛው መኪና ደግሞ የራሱ ሹፌር አለው፦ ሰባት ሰው፣ 245 ሊትር፣ ዐሥራ ሦስት ጀሪካን።