ቤተሰብን ተባብሮ መርዳት፦ ከእድር ምን እንማራለን?

የዛሬው ትምህርታችን አንዲት እህት ሲቸግራት እሷንም አገር ቤት ያለ ቤተሰቧንም እንዴት እንደምንረዳ ነው። ደግ ልብ ብቻውን አይበቃም፣ መንገዱንም ማወቅ ያስፈልጋል።

እድርን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየወሩ ይዋጣል፤ ደንብ አለው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ሳህኑ ይመጣል። የሚረዳው ሰው አይሸማቀቅም፣ ምክንያቱም እሱም ለሌላው ሲያዋጣ ኖሯል። እኔ ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል። እኛ ግን አንዳንዴ ሰው ፊት «ለእገሊት እናዋጣላት» ብለን እንጮሃለን። ችግሯ ሳይቃለል ወሬዋ ሰፈሯ ድረስ ይደርሳል። የእህትን ጉዳይ ሁለት ሰው ካወቀው ይበቃል፤ ሌላው «ለአንዲት እህት» ተብሎ ያዋጣ።

ድሮ እድር ለቀብር ነበር። ኤች አይ ቪ በከፋበት ዘመን ግን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ እድሮች በሕይወት ያሉትን ሕመምተኞችና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። እኛስ ሬሳ ለመላክ ብቻ ነው እንዴ የምንሰበሰበው? ደመወዟ ሁለት ወር ሲዘገይ፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ሊቀር ሲል፣ መድረስ ያኔ ነው።

ስንደርስም አስቀድመን እንጠይቃት። እኛ ልብስ ሰብስበን እንልካለን፣ እሷን የጨነቃት ግን የእናቷ የቤት ኪራይ ነው። ስለ ልጇ የምትወስነው እሷ ናት፣ ልጁን የምታሳድገው አያትም ትጠየቅ። ገንዘቡ በማን ስም እንደሚላክም እሷ ትናገር። ለወንድም ተልኮ የቀረ ስንት ብር አለ!

ሊባኖስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደኛው የቤት ሠራተኛ የነበሩ ኢትዮጵያውያን «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። በ2020 የአገሩ ገንዘብ ወድቆ አንዳንድ አሠሪዎች ልጆቹን ቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ሲጥሏቸው፣ ማኅበሩ ምግብና የቤት ኪራይ ረድቷል። ኖረውበት ስለሚያውቁት የሚያስፈልገው አልጠፋቸውም።

ሒሳቡ በደብተር ይጻፍ፣ ገንዘብ ያዧም በየጊዜው ታንብበው፣ ጓደኛችንም ብትሆን። ከአቅማችን በላይ የሆነውን፣ ሕመምን ወይም ድብደባን፣ ጸሎትና መዋጮ ብቻ ይበቃዋል ብለን አንያዘው፤ ሐኪም ያስፈልጋል፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ዕረፍት የሌላትን፣ ማዳም በር የምትቆልፍባትንም ከአባልነት አናውጣት። በስልክ እንድረሳት፣ መዋጮዋን ስትወጣ ትከፍላለች።