ፕሪንተሩ ለምን እምቢ አለ?

ባለፈው ወሰነ ትምህርት አጋማሽ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በክፍላችን ቢሮ የሆነውን አብዛኞቻችሁ በወሬ ሰምታችኋል። «ፈተናው ተሰርዟል» ብላችሁ የተደሰታችሁም አላችሁ። ፈተናው አልተሰረዘም፤ ሰኞ ጧት በሰዓቱ ተሰጥቷል። ዳሩ ግን እስኪታተም ድረስ ያየነውን አበሳ የምናውቀው እኛ ነን። ነገ በየትምህርት ቤቱ ስትመደቡ ይኸው ጉድ በእናንተም ላይ መድረሱ ስለማይቀር፣ በዚህ እትማችን ነገሩን ከሥሩ ልናስረዳ ወደድን።

የቢሮው ኮምፒዩተር የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ ወደ ዊንዶውስ 11 ልናሸጋግረው ወሰንን። ችግሩ ግን ኮምፒዩተሩ 64 ቢት መሸከም የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ቀድሞ የጫነው ሰው ባለ 32 ቢቱን ጭኖበት ኖሯል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ32 ቢት አይገኝም። ከ32 ወደ 64 ቢት ሲኬድ በነባሩ ላይ መደረብ ስለማይቻል እንደ አዲስ መጫን ግድ ነው። ሰነዶቹን በፍላሽ ገልብጠን ሌላውን ሁሉ ጠረግነው። ከተጠረገው ውስጥ የፕሪንተሩ ድራይቨርና ከውጭ ያስገባናቸው የግዕዝ ፊደል ቅርፆች ይገኙበታል። ይህን ያሰብነው ከጠረግን በኋላ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ በማንም አናላክክም።

ፀሐፊያችን የማተሚያውን ትእዛዝ ሲሰጡ ጸጥ። ደገሙት፣ ጸጥ። «እንዴ! ጧት ሲሠራ አልነበረም?» አሉ። ከመካከላችን አንዱ ወጣት መምህር ፍላሹን ነቅሎ «እትዬ፣ ሳሪስ ደርሼ ፎቶኮፒ ቤት አሳትሜው ልምጣ» ቢላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ፈተና እኮ ነው!» ብለው ከእጁ ነጠቁት። እውነታቸውን ነው። በሰው ኮምፒዩተር ላይ የተከፈተ ፋይል እዚያው ሊቀር ይችላል፤ እሑድ ማታ በየሞባይሉ ሲዞር ቢገኝ ማንን እንጠይቃለን? ስለሆነም ሥራው እዚያው ቢሮ ውስጥ ማለቅ ነበረበት።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ የታመመው ማሽኑ ነው ወይስ መንገዱ የሚል ነው። ይህን ለመለየት ገመዱን ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ ፕሪንተሩ በራሱ የሙከራ ገጽ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች የፊት ቁልፋቸው ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ሲያዝ ያወጡታል፤ ፎቶኮፒም የሚያነሣ ከሆነ አንድ ቅጂ ማንሣት ይበቃል። የእኛ ማሽን ንጹሕ ገጽ አወጣ። እንግዲያው ቀለሙም፣ ወረቀት ሳቢውም፣ ማሞቂያውም ደኅና ናቸው ማለት ነው። ይህን ሳያጣሩ ቶነር የሚገዙ፣ ማሽኑንም ፈተው የሚበታትኑ ሰዎች አይተናል።

ቀጥሎ ወረፋው ይታያል። ለማተም የታዘዘ ሰነድ በቀጥታ ወደ ማሽኑ አይሄድም፤ ስፑለር የሚባል የዊንዶውስ አገልግሎት ተቀብሎ በተራው ያሳልፈዋል። በቀበሌ ሰልፍ ከፊት የቆመው ሰው ማስረጃ ጎድሎት ከመስኮቱ አልላቀቅ ሲል የኋላው ሁሉ እንደሚቆም፣ አንድ የተበላሸ ሰነድም ከኋላው ያለውን ሁሉ ያግዳል። በዚህ ጊዜ ደጋግሞ ማዘዝ ሰልፉን ማርዘም ብቻ ነው። መፍትሔው ከአገልግሎቶች ዝርዝር ውስጥ ፕሪንት ስፑለርን ማቆም፣ ከዚያም ዊንዶውስ በተባለው ማኅደር ውስጥ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ብሎ ገብቶ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ማጥፋት፣ በመጨረሻም አገልግሎቱን መልሶ ማስነሣት ነው። ከጎኑ ድራይቨርስ የሚባል ማኅደር አለ፤ እሱን አትንኩ።

ደግሞ ትእዛዙ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ፕሮግራም ከታደሰ በኋላ አንዱ ማሽን በዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፎ፣ ሁለተኛው «ኮፒ 1» ተብሎ ሊገኝ ይችላል። አንደኛው በሌለ የዩኤስቢ በር ላይ የቆመ ስም ብቻ ነው፤ ሕይወት ያለው ገመዱ ሲሰካ የሚነቃው ነው። አንዳንዴ ደግሞ ተቀዳሚ ሆኖ የተመረጠው ፕሪንተር ሳይሆን ወደ ፒዲኤፍ የሚያትመው ክፍል ሆኖ ይገኛል፤ ሰውየው ወረቀት ሲጠብቅ ኮምፒዩተሩ ፋይል ይሠራል። ያለ ገመድ በዋይፋይ የሚሠሩትን በተመለከተ የማሽኑ የአድራሻ ቁጥር ተቀይሮ እንደሆነ ማየት ነው። (የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ነፋስ ስልክ፣ ማለትም ገመድ አልባ መሆኑን ያስታወሰን ተማሪ አለ። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ፣ የእኛው ማሽን ባለ ገመድ ነው።)

ዋናው ጣጣችን ግን ድራይቨሩ ሆኖ ተገኘ። ድራይቨር አስተርጓሚ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚናገረውን ማሽኑ በሚገባው ቋንቋ ይመልስለታል። ለ32 ቢት የተሠራ ድራይቨር በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ በመሳቢያችን የነበረው ሲዲ ደግሞ የ32 ቢቱን ብቻ የያዘ ነበር። ቸኩለን፣ «ዘመድ ነው፣ ይግባባሉ» ብለን የአንድ ፋብሪካ የሌላ ሞዴል ድራይቨር ጫንን። ማሽኑ ተነሣ! እልል ልንል ስንል እያንዳንዱ ወረቀት ከላዩ አንድ መስመር ትርጉም የሌለው ምልክት ተጽፎበት ባዶውን ይወጣ ጀመር። ብናጠፋው፣ ስናበራው ካቆመበት ቀጠለ። ግማሽ እሽግ ወረቀት እንዲህ አለቀ፤ የተረፈው ለሰኞው ፈተና ሊበቃ ላይበቃ ነበር።

ይህን ምልክት ያዙት። አንድ አንድ መስመር እንግዳ ጽሑፍ ያለባቸው ብዙ ወረቀቶች ከወጡ፣ ማሽኑ በማያውቀው ቋንቋ ተነግሮታል ማለት ነው። ፒሲኤል ብቻ ለሚያውቅ ማሽን ፖስትስክሪፕት ቢላክለት እንዲህ ይሆናል። ማሽኑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ወረፋው ኮምፒዩተሩ ላይ ስለሆነ ስታበሩት ይቀጥላል። ወረቀቱን አውጡ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ቀደም ሲል እንዳልነው ወረፋውን አጽዱ፣ ከዚያ የተሳሳተውን ድራይቨር አስወግዱ።

ትክክለኛውን ለማግኘት ከማሽኑ ጀርባ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፊደል ሳይቀር መገልበጥና ከፋብሪካው የኢንተርኔት ገጽ የ64 ቢቱን መፈለግ ነው። ፋብሪካው ለአዲሱ ዊንዶውስ የሠራው ባይኖር፣ ማሽኑ ፒሲኤል ወይም ፖስትስክሪፕት የሚያውቅ ከሆነ አጠቃላይ ድራይቨር ሊያሠራው ይችላል። ርካሾቹ ማሽኖች ግን ብዙውን ሥራ ለኮምፒዩተሩ ትተው የራሳቸውን ቋንቋ ብቻ ስለሚያውቁ በአጠቃላዩ አይግባቡም። ለእኛ የ64 ቢቱ ተገኘ። ገመዱን ነቅለን ጫንነው፤ መጫኛው «አሁን ሰካ» ሲል ሰካነው። የሙከራው ገጽ ወጣ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ፕሪንተሩን በመረብ ለምትጋሩ አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2021 በስፑለሩ ላይ ፕሪንትናይትሜር የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኝቶ በዚያው ዓመት በሐምሌና በነሐሴ አካባቢ ማስተካከያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሌላ ኮምፒዩተር ድራይቨር ስቦ መጫን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ትናንት የሠራ ኮምፒዩተር ዛሬ የይለፍ ቃል ቢጠይቃችሁ ብልሽት አይደለም፤ ፈቃዱ ያለውን ሰው ጥሩ።

ማተሚያው ሲድን ፊደሉ ታመመ። የአማርኛ ፈተናው በኒያላ ቅርፅ የተጻፈ ነበር። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረ ሲሆን ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ተጠይቆ የሚጨመር ሆኗል። ስላልጨመርነው ኮምፒዩተሩ በሌላ ቅርፅ ተካው፤ የመስመሩ ርዝመት ተለወጠና የምርጫ ጥያቄው በአንድ ገጽ፣ መልሶቹ በሚቀጥለው ላይ ወደቁ። ከአማራጭ ክፍሎች ዝርዝር የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፊደላትን ስንጨምር ቦታው ተመለሰ። የሒሳቡ ፈተና ግን ባሰ። ያ ፋይል የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመመዝገቡ በፊት በነበረው አሠራር፣ ማለትም ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ በሚያስቀምጥ ፕሮግራም የተጻፈ ነበር። የዚያ ፕሮግራም ቅርፅ ከሌለ የሚታየው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ቅርፁን ፈልገን አጣነው። ፀሐፊያችን ከአሮጌ የወረቀት ቅጂ እያዩ ሁለቱንም ገጽ እንደገና ተየቡት። «እኔ በስቴንስል ዘመን እንኳ እንዲህ አልደከምኩም» አሉ። ሻይ አስመጣንላቸው።

ፈተናው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ታትሞ ተቆለፈበት። ዊንዶውስ የሚያወጣው የሙከራ ገጽ የድራይቨሩን ስምና ዓይነት፣ የበሩንም ስም ስለሚዘረዝር፣ የዚያን ማታውን ገጽ ከቁምሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽታ ላይ ለጥፈነዋል። ድራይቨሩና የፊደል ቅርፆቹ ያሉበት ፍላሽም ከሥሩ በክር ተንጠልጥሏል። ከሌላ ክፍል መጥቶ ለመገልበጥ የፈለገ ፀሐፊያችንን ይጠይቅ፤ ፍላሹ ግን ከቢሮ አይወጣም።