የእስረኛ መዝገብ

መተማ ዮሐንስ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከድንበሩ ማዶ ጋላባት፣ ከዚያም በሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ገዳሪፍ ትገኛለች። ገዳሪፍ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ የታወቀች ስለሆነች፣ በአጨዳ ወራት ብዙ ኢትዮጵያውያን የቀን ሥራ ፍለጋ ወደዚያው ሲጓዙ ኖረዋል።

ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ የይለፍ ወረቀት ሳይዝ ተሻግሮ ተያዘ እንበል። የአገሩን ቋንቋ አያውቅም፤ ስሙም በባዕድ ፊደል ሲጻፍ ይዛባል። የገባበት ቀን ካልተመዘገበ የሚፈታበት ቀን ከየት ይቆጠራል? የዘመዶቹ ስም ካልተጻፈስ እናቱ የት እንደ ደረሰ በምን ታውቃለች? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ2008 ዓ.ም. ስለ እስረኞች አያያዝ 122 ደንቦችን አጽድቋል። ደንቦቹ የተሰየሙት 27 ዓመት በታሰሩት በኔልሰን ማንዴላ ስም ነው። በደንብ 7 መሠረት የእስረኛው ማንነት፣ የታሰረበት ምክንያት፣ የገባበትና የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ በአካሉ ላይ የሚታይ ጉዳት፣ ያስረከበው ንብረትና የቤተሰቡ ስም ይመዘገባል። ደንብ 62 ደግሞ የውጭ አገር እስረኛ ከአገሩ ቆንስላ ጋር እንዲገናኝ ያዛል።

መዝገብ ሌላም ጥቅም አለው። ከየእስር ቤቱ የሚሰበሰበው ቁጥር በትክክል ሲቀርብ፣ የትኛው ክፍል እንደ ተጨናነቀ፣ ስንቱ ማንበብና መጻፍ እንደማይችል፣ ስንቱም የእጅ ሙያ እንደሌለው ይታወቃል። ይህ ሳይታወቅ የመምህራንን፣ የመጻሕፍትን ወይም የሽመናና የእንጨት ሥራ መሣሪያዎችን ብዛት መወሰን አይቻልም። ሐሰተኛ ቁጥር የሚልክ ሹም አለቃውን ቢያስደስትም፣ የሚጎዳው እስረኛውንና ነገ የሚቀበለውን ኅብረተሰብ ነው።

በአገራችን ቀድሞ «ወህኒ ቤት» ይባል የነበረው ዛሬ «ማረሚያ ቤት» ይባላል። አዲሱ ስም የታሰረው ሰው ታርሞና ሙያ ይዞ ወደ ወገኑ ይመለሳል የሚል ተስፋ ይዟል። ይሁን እንጂ ስም ብቻውን ሰውን አያርምም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው ተጠብቆ እንዲያዙ ይደነግጋል። ይህን ክብር ከመጠበቂያ መንገዶች አንዱ የእያንዳንዱን ሰው ስምና ቀን በእውነት መመዝገብ ነው።

መልመጃ
1. መዝገብ በትክክል ባይያዝ በእስረኛውና በቤተሰቡ ላይ ምን ችግር ይደርሳል?
2. «ወህኒ ቤት» እና «ማረሚያ ቤት» በሚሉት ስሞች መካከል ያለውን የሐሳብ ልዩነት አብራሩ።
3. «ስም ብቻውን ሰውን አያርምም» በሚለው ሐሳብ ላይ አንድ አንቀጽ ጻፉ።