የቁፋሮ አክሲዮን ከመግዛትህ በፊት

የወንድሜ ልጅ፣

ሂዩስተን ከገባህ ወዲህ ጆሮህ የሞላው የጋዝ ወሬ ነው። ዳታ ሴንተሮች መብራት ይፈልጋሉ፤ አውሮፓና እስያ በመርከብ የሚጫን ጋዝ ይፈልጋሉ፤ እንግዲህ ጉድጓድ የሚቆፍሩት ኩባንያዎች ይከብራሉ ብለህ ያጠራቀምከውን በአክሲዮናቸው ላይ ልታውል አስበሃል። የጋዝ ፈላጊ መብዛቱ እውነት ነው። ቆፋሪው በዚያ መክበሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዕድሜዬን ሪግ ከሚባለው የቁፋሮ መሣሪያ ጋር ስለጨረስኩ የማውቀውን በተራ ልንገርህ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥርልሃለሁ።

1. ጋዙንና ቆፋሪውን ለይተህ እይ። ጋዙን የሚሸጡት እንደ ኤክስፓንድ ኢነርጂ ያሉ አምራቾች ናቸው። ሄልመሪክ ኤንድ ፔይን፣ ፓተርሰን ዩቲአይና ናቦርስ ደግሞ ሪጋቸውን ከነሠራተኛው በቀን ሒሳብ ያከራያሉ። ጥማድ በሬ ይዞ የሰው መሬት በቀን ክፍያ እንደሚያርስ ሰው ቁጠራቸው፤ አዝመራው ቢያምር ጎተራው የእነሱ አይደለም፤ የእነሱ ሒሳብ በሬዎቹ የተጠመዱበት ቀን ነው። ሪፖርታቸውን ስትከፍት አስቀድመህ ስንት ሪግ ሥራ ላይ እንዳለ፣ እያንዳንዱም ወጪው ተቀንሶ በቀን ስንት እንደሚያስገባ ፈልግ።

2. ጋዝ ሲበዛ ሪግ ይበዛል አትበል። ከሁሉም ይህን ያዝልኝ። በ2008 አሜሪካ ውስጥ ጋዝ ፍለጋ የሚቆፍሩት ሪጎች ከ1,600 በላይ ደርሰው ነበር፤ በ2024 ከ100 በታች ወረዱ። ምርቱ ግን በዚያው ዘመን በቀን 55 ቢሊዮን ኪዩቢክ ፊት ገደማ ከነበረበት ከ100 ቢሊዮን በላይ ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጆርጅ ሚቸል የተባለ የጋዝ አምራች በ1990ዎቹ መጨረሻ ቴክሳስ ባርኔት ላይ ሼል የሚባለውን አለት በውሃ ግፊት ሰንጥቆ ጋዝ ማውጣት እንደሚያዋጣ አሳየ። በኋላ አግድም ቁፋሮ ተጨመረበት። ዛሬ ጉድጓዱ ወደታች ከወረደ በኋላ ሁለትና ሦስት ማይል ወደ ጎን ይጓዛል፤ ሪጉም ሳይፈታ በራሱ እግር ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ይራመዳል። ድሮ ብዙ ሪግ ይጠይቅ የነበረውን ሥራ ዛሬ ጥቂቶች ይጨርሱታል። ቆፋሪው በጎበዘ ቁጥር የሚከራይበት ቀን ያጥራል። ለተራቀቀው ሪግ በቀን ከ30 ሺህ ዶላር በላይ መጠየቁም ይህንኑ ለማካካስ ነው።

3. ጋዙ ከየት እንደሚመጣ እወቅ። የምዕራብ ቴክሳሱ የፐርሚያን ጋዝ ከነዳጅ ዘይት ጋር ተከትሎ የሚወጣ ነው፤ የሚያስቆፍረው የዘይቱ ዋጋ ነው። የጋዙ ዋጋ ቢወድቅም አይቆምም። በ2024 እዚያው ዋሃ በሚባለው የጋዝ መገበያያ ላይ ዋጋው ከዜሮ በታች ወርዶ ሻጩ ጋዙን ለሚወስድለት የከፈለባቸው ብዙ ቀናት ነበሩ። የፔንሲልቬንያው ማርሴለስ ርካሽና ብዙ ነው፤ ችግሩ መውጫ ነው። በሉዊዚያናና በምሥራቅ ቴክሳስ ያለው ሄይንስቪል ጥልቅና ሞቃት ስለሆነ ቁፋሮው ውድ ነው፤ ግን ለባሕረ ሰላጤው የጋዝ ወደቦች ቅርብ ነው። የጋዝ ዋጋ ሲነሣ ሪግ የሚጨመረው እዚያ ነውና ዓይንህን ሄይንስቪል ላይ ጣል።

4. ቧንቧውን ተከታተል። መውጫ የሌለው ጋዝ ሀብት አይባልም። ለዚህ ከእኛ የተሻለ ምስክር የለም፤ የሂዩስተኑ ኩባንያ ቴኔኮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኦጋዴን ካሉብ ላይ ያገኘው ጋዝ ስንት አሥርት ዓመት ተቀምጦ ነበር። እዚህም በ2024 ማውንቴን ቫሊ የተባለው መስመር ከብዙ ክርክር በኋላ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መጸው በቀን 2.5 ቢሊዮን ኪዩቢክ ፊት የሚያስተላልፈው ማተርሆርን ከፐርሚያን ተከፈተ። አዲስ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር የታፈነ ጋዝ ገበያ ይገባል፤ አንዳንዴ አንድም አዲስ ሪግ ሳይጠራ።

5. በዋጋው አትደሰት፣ አትደንግጥ። የአገሪቱ ጋዝ የሚተመንበት የሄንሪ ሃብ ዋጋ በ2008 አጋማሽ ለአንድ ሚሊዮን ቢቲዩ ከ13 ዶላር አልፎ ነበር፤ በ2020 ከ2 ዶላር በታች ወረደ፤ በነሐሴ 2022 ከ9 አለፈ፤ በ2024 አማካዩ ከ2 ዶላር እምብዛም አልራቀም። ብርዱ ሲለዝብ ማከማቻው ይሞላል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ጦሱ ደግሞ ለሠራተኛው ይተርፋል፤ በ2020 የዘይቱም ዋጋ ወድቆ የአገሪቱ ሪጎች በጠቅላላ ከ800 ገደማ ወደ 250 ገደማ ሲወርዱ ስንቱ ጎበዝ ቆፋሪ ቤቱ ተቀመጠ።

6. አምራቾቹ ከመከራ መማራቸውን አትርሳ። ዋጋ በተነሣ ቁጥር በብድር ሲያስቆፍር የኖረው ቼሳፒክ በ2020 ለኪሳራ ተዳረገ። ዛሬ ዋጋ ሲወርድ ምርት ይቀንሳሉ፤ ሲነሣም ሪግ ለመከራየት አይጣደፉም፤ ትርፉን ለባለአክሲዮን ማከፋፈል ይመርጣሉ። ቆፋሪዎቹም ገብቷቸዋል። ፓተርሰን በ2023 አለት ከሚሰነጥቀው ኔክስቲየር ጋር የተዋሐደው፣ ሄልመሪክ በ2025 መካከለኛው ምሥራቅ ላይ ሰፊ ሥራ ያለውን ኬሲኤ ዶይታግን የገዛው የአሜሪካ መሬት ቁፋሮ ብቻውን እንደማይበቃቸው ስላዩ ነው።

7. ግምቴን ከፈለግህ፣ ጋዙ ይበዛል፤ ሪጉም ይጨመራል፤ ወደ 2008ቱ ቁጥር ግን አይመለስም። ሳቢን ፓስ የተባለው የሉዊዚያና የጋዝ ወደብ የመጀመሪያውን ጭነት በ2016 ከላከ በኋላ አሜሪካ በ2023 ፈሳሽ ጋዝ ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም አንደኛ ሆናለች፤ አዳዲስ ወደቦችም እየተጨመሩ ነው። የሼል ጉድጓድ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት አብዛኛውን ጉልበቱን ስለሚያጣ ምርቱን ባለበት ለማቆየት እንኳ ቁፋሮ አይቆምም። ለቆፋሪው የማይነጥፍ ሥራ አለ፤ ድንገት የሚያከብር ሥራ መኖሩ ነው የሚያጠራጥረኝ።

8. የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የቤት ኪራይህን፣ የእቁብህን፣ ለእናትህ የምትልከውን ገንዘብ እዚህ ነገር ውስጥ አታስገባ። በተረፈህ ግባ፤ እሱንም በአንድ ቀን ሳይሆን ከፋፍለህ። አስቀድመህ ግን አንድ ክረምትና አንድ በጋ ደብተር ያዝ፦ ሐሙስ ሐሙስ የማከማቻውን ሪፖርት፣ ዓርብ ዓርብ የቤከር ሂዩዝን የሪግ ቆጠራ ጻፍ። ሁለቱ ቁጥሮች ለምን እንደተለዋወጡ ለእኔ ማስረዳት ስትችል፣ የትኛውን እንደምትገዛ አብረን ቁጭ ብለን እናያለን።

አጎትህ