በእጅ የያዙት ወርቅ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። የዚህ አባባል ትርጉም ለእኛ የገባን አሜሪካ ስናድግ በቪዲዮ ጨዋታ ምክንያት ነው። ውድ አንባብያን፣ ነገሩ ተራ ቢመስልም ትምህርት አለውና በአጭሩ እናቀርበዋለን።

በ2017 እ.ኤ.አ. እኛ ሁለት ወንድማማቾች 9 ያገለገሉ ጨዋታዎችን በጫማ ካርቶን ይዘን ሰፈራችን ወደሚገኝ የጨዋታ መሸጫ ሱቅ ሄድን። ሻጩ አንድ በአንድ ከመረመረ በኋላ «ጥሬ ገንዘብ ከፈለጋችሁ 30 ዶላር፣ ከዚሁ ሱቅ ብቻ የምትገዙበት ካርድ ከፈለጋችሁ ግን 42 ዶላር» አለን። 42 ከ30 እንደሚበልጥ አየን እንጂ ከምን እንደሚያንስ አላሰብንም። በካርዱ ላይ ጥቂት ገንዘብ ጨምረን አንድ አዲስ ጨዋታ ገዛን።

ማታ ታናሽ እህታችን ካርቶኑን ፈለገች። ከሰጠናቸው መካከል በ2010 በአሜሪካ ለኒንቴንዶ ዲኤስ የወጣው «ፖኬሞን ሃርትጎልድ» ነበረበት። ይህ ጨዋታ ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚመዘግበው በመጫወቻው መሣሪያ ላይ ሳይሆን ጨዋታው ባለበት ትንሽ ካርድ ውስጥ ነው። ስለዚህ እህታችን ሁለት ክረምት ሙሉ የደከመችበት፣ ፍጥረቶቹን በአያታችንና በአክስቶቻችን ስም የጠራችበት መዝገብ አብሮ ሄደ። በማግሥቱ ወደ ሱቁ ብንሮጥ ተሸጧል ተባልን። እህታችን አልጮኸችም፤ «ለምን አልጠየቃችሁኝም?» ብቻ አለች። አዲሱን ጨዋታ በሁለት ሳምንት ጨረስነው፤ ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

ሱቁ አላታለለንም። ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ገዝቶ አትርፎ መሸጥ ሥራው ነው። በካርድ ሲከፍል ዋጋ የሚጨምረውም ገንዘቡ ከደጁ ስለማይወጣና በካርዱ ከምንገዛው ዕቃ ደግሞ ስለሚያተርፍ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

የሄደውን መመለስም ቀላል አይደለም። የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 ከመቶ የሚሆኑት በአዲስነት ለሽያጭ አይቀርቡም ነበር። «ሃርትጎልድ» አዲስ ሳለ 40 ዶላር ያህል ነበር፤ ዛሬ ያገለገለው እንኳ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ከፍለን ብንገዛውም የአያታችን ስም በውስጡ የለም።

ስለዚህ አንድን ዕቃ ከመለወጣችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ፤

1ኛ/ ዕቃው የእኛ ብቻ ነውን? በቤት ውስጥ ሌላ ባለቤት የለውምን?

2ኛ/ በውስጡ በገንዘብ የማይተመን ነገር አለን?

3ኛ/ በምትኩ የምንቀበለው የትም የሚሠራ ገንዘብ ነው ወይስ ወደዚያው ሱቅ የሚመልሰን ካርድ?

መለወጥ ክፉ ነው አንልም። ማንም የማይፈልገው ዕቃ ለሌላ ሰው ቢጠቅም መልካም ነው። ነገር ግን ሳይጠይቁ መለወጥ ያጸጽታል። የቀሩት ጨዋታዎች ዛሬ በእህታችን እጅ ናቸው፤ እኛም ለመጫወት ስንፈልግ እርሷን እናስፈቅዳለን።