ሕግ ግንድ ሲቆጥር ገበሬ ዛፍ ያበቅላል

የካሊፎርኒያው ግዙፍ ካናቢስ ስለ መለኪያ ምን ያስተምረናል?

ሸንኮራ አገዳ በፍሬ ሲሸጥ ገዢው ምን ያደርጋል? ክምሩን ገለባብጦ ረጅሙንና ወፍራሙን ይመርጣል። ዋጋው ለቀጭኑም ለወፍራሙም አንድ እስከሆነ ድረስ ቀጭኑን የሚወስድ ሞኝ የለም። ያው ሸንኮራ በኪሎ መሸጥ ቢጀምር ግን ግፊያው ይቀራል። ሦስት ቀጫጭንም ሆነ አንድ ወፍራም፣ ገዢው የሚከፍለው በሚዛኑ ልክ ነው። ሸንኮራው ያው ነው፤ የተለወጠው መለኪያው ብቻ ነው።

የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ቀላል ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ምሳሌውን ያገኘነው ግን ራቅ ካለ አገር፣ ከአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ነው። በዚያች ግዛት ሰሜናዊ ኮረብታዎች ላይ፣ በተለይም በሐምቦልት፣ በሜንዶሲኖና በትሪኒቲ ካውንቲዎች፣ ቁመቱ ከ3 ሜትር የሚበልጥ፣ ቅርንጫፉ እንደ ዋርካ የተንሰራፋ የካናቢስ ተክል በሜዳ ላይ ማየት የተለመደ ሆኖ ቆይቷል። በአገራችን ካናቢስ፣ በተለምዶ ሐሺሽ የምንለው፣ ማምረትም ሆነ መሸጥ በወንጀል የሚያስቀጣ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ የእርሻ ምክር አይደለም። ለነጋዴው፣ ለደላላውና ለባለሀብቱ የሚጠቅመው በውስጡ ያለው የኢኮኖሚክስ ትምህርት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስድስት ግንድ፣ ወሰን የሌለው ቁመት

የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ1996 በሰጠው ድምፅ ካናቢስን ለሕክምና መጠቀምንና ለዚሁ ማብቀልን ፈቀደ። «ስንት?» ለሚለው ጥያቄ ግን ያ ሕግ መልስ አልነበረውም። መልሱ የመጣው በ2003 ወጥቶ በ2004 መጀመሪያ ሥራ ላይ በዋለው ሌላ ሕግ ነው። በዚህ መሠረት አንድ ሕመምተኛ 6 የደረሱ ወይም 12 ያልደረሱ ተክሎችና 8 አውንስ፣ ማለትም 227 ግራም ያህል፣ የደረቀ ምርት መያዝ ይችላል ተባለ። ካውንቲዎች ቁጥሩን ከፍ እንዲያደርጉም ተፈቀደላቸው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ይህ ጣሪያ የ1996ቱ ሕግ ለሕመምተኞች የሰጠውን መከላከያ ሊያጠብ አይችልም ብሎ ቢወስንም፣ ገበሬው ግንድ እየቆጠረ ማሰብን አስቀድሞ ተምሮ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራው የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ ነበር። ሕጉ ክብደትን ሳይጠይቅ 100 እና ከዚያ በላይ ተክል ይዞ ለተገኘ ቢያንስ 5 ዓመት፣ 1,000 እና ከዚያ በላይ ለተገኘበት ቢያንስ 10 ዓመት እስራት ይደነግጋል። ስለዚህ 99 ተክል ያለው ገበሬ አንዲት ችግኝ ቢጨምር ዋጋዋ የዘሯና የማዳበሪያዋ ብቻ አይደለም፤ አምስት ዓመት ነው። መቶኛዋ ችግኝ በዓለም ላይ ካሉት ችግኞች ሁሉ የተወደደች ነበረች ማለት ይቻላል። የሜንዶሲኖ ካውንቲ ሸሪፍ ጽሕፈት ቤት በ2010 በጀመረው የፈቃድ አሠራር ለአንድ እርሻ የሰጠው ጣሪያ 99 ተክል መሆኑ በአጋጣሚ አልነበረም። እያንዳንዱ ግንድ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰርበት ነበር።

ፍርድ ቤቶች የቅጣት መጠን የሚያወጡበት መመሪያም የባሰ ገደል ነበረው። እስከ 1995 ድረስ ከ50 በታች ለሆነ ተክል እያንዳንዱ እንደ 100 ግራም፣ 50 ከሞላ ግን እያንዳንዱ እንደ 1 ኪሎ ይታሰብ ነበር። እንግዲህ 49 ተክል 4 ነጥብ 9 ኪሎ ሲባል፣ 50 ተክል ደግሞ 50 ኪሎ ይባላል። አንዲት ችግኝ 45 ኪሎ ትጨምራለች። ከኖቬምበር 1995 ጀምሮ መመሪያው ተሻሽሎ፣ ትክክለኛው ክብደት የሚበልጥ ካልሆነ በስተቀር፣ ሁሉም በ100 ግራም እንዲታሰብ ተደረገ።

ሕግ አውጪዎቹ ግንድ መቁጠርን የመረጡት ስላልገባቸው አይደለም። ግንድ ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖም ይቆጠራል። ክብደት ግን የሚታወቀው ታጭዶ፣ ደርቆና ተመዝኖ ነው። መለኪያ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ነገሩን በትክክል ስለሚለካ ሳይሆን ለተቆጣጣሪው ስለሚቀል ነው። ነጋዴ ይህችን ልብ ይበል።

የገበሬው ስሌት

እንበልና ሁለት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው 6 ተክል ተፈቅዶላቸዋል። የመጀመሪያው ተራ ተክል ተክሎ ከእያንዳንዱ ግማሽ ፓውንድ የደረቀ አበባ ያገኛል፤ በድምሩ 3 ፓውንድ። ሁለተኛው ተክሉን ዛፍ አድርጎ፣ ገበሬዎቹ እንደ ግብ የሚያነሱትን 5 ፓውንድ፣ ማለትም 2 ነጥብ 3 ኪሎ ያህል፣ ከእያንዳንዱ ያገኛል፤ በድምሩ 30 ፓውንድ። ለስሌት እንዲመች ፓውንዱ 1,000 ዶላር ነው ብንል የመጀመሪያው 3,000፣ ሁለተኛው 30,000 ዶላር ያስገባል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ዛፍ ተጨማሪ 2,000 ዶላር ቢያወጣ እንኳ 18,000 ዶላር ይተርፈዋል። ሁለቱም ሕጉ ፊት 6 ተክል ያላቸው ሰዎች ናቸው። በነገራችን ላይ ከሁለተኛው ዛፎች አንዱ ብቻ ሕጉ ከፈቀደው 8 አውንስ አሥር እጥፍ ይመዝናል። በአንድ ሕግ ውስጥ ያሉ ሁለት መለኪያዎች እርስ በርሳቸው እንዲህ ይጣላሉ።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ እዚህ ላይ የጎደለው ነገር መሬት አይደለም፤ ዘርም አይደለም። የጎደለው «አንድ ግንድ የመትከል መብት» ነው። አምራች ሁልጊዜ ከሚያጥረው ነገር ብዙ ለማግኘት ይደክማል። መብቱ ሲያጥር አፈሩን፣ ውኃውንና ጉልበቱን ያለ ስስት ያፈሳል።

የተደረገውም ይኸው ነው። ካናቢስ የሚያብበው ሌሊቱ እየረዘመ ሲሄድ ነው። ቀኑ ረጅም እስከሆነ ድረስ ቅጠልና ቅርንጫፍ እያወጣ ያድጋል። ስለዚህ ገበሬው ገና ክረምቱ ሳይወጣ ችግኙን በቤት ውስጥ በመብራት ያሳድጋል፤ ብርዱ ሲያልፍ ወደ ሜዳ ያወጣዋል። ከ1,000 ሊትር በላይ አፈር በሚይዝ የጨርቅ ከረጢት ወይም በከፍታ መደብ ላይ ይተክለዋል። በተክልና በተክል መካከል ብዙ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዋል። ጫፉን እየቆረጠ ወደ ጎን እንዲሰፋ ያደርገዋል፤ ቅርንጫፉ እንዳይሰበርም በመረብ ይደግፈዋል። አበባው በነሐሴ አካባቢ ይጀምርና አጨዳው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ይሆናል።

ጥቅሙ ሲያድግ አደጋውም አብሮ ያድጋል። ስድስት ዛፍ ያለው ሰው በአንዱ ላይ ነፋስ ቢበረታበት የሀብቱ አንድ ስድስተኛ ወደቀ ማለት ነው። አበባው ሲወፍርና ሲጠቀጠቅ እርጥበት ስለሚይዝ የኦክቶበር ዝናብ ከቀደመ ሻጋታው ከውስጥ ይበላዋል። ምርቱም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የሁሉም ገበሬ ምርት በአንድ ወቅት ገበያ ይገባል፤ ዋጋም በዚያው ወቅት ይወርዳል። ኮታ በቁጥር ሲሆን አምራቹ ሀብቱን በጥቂት ቦታ እንዲያከማች ይገፋፋል።

ከጡብ እስከ ቁመት

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1784 በጡብ ላይ በቁጥር፣ ለየሺው ይህን ያህል ብሎ ግብር ጣለ። ጡብ ሠሪዎቹ ወዲያው ጡቡን አተለቁት። መንግሥት በ1803 ከተወሰነ መጠን በላይ በሆነው ጡብ ላይ ግብሩን እጥፍ አደረገ። ሕጉ በ1850 እስኪሻር ድረስ የጡቡን ልክ የሚወስነው ግንበኛው ብቻ ሳይሆን ግብር ሰብሳቢውም ነበር።

ካናዳም ከዚህ የተማረች ይመስል ነበር። በ2017 ለምክር ቤት የቀረበው ረቂቅ ለአንድ ቤት 4 ተክል ሲፈቅድ ቁመቱ ከ100 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይከለክል ነበር። በየቤቱ ሜትር ይዞ የሚዞረው ማን ነው? የቁመቱ ገደብ ከረቂቁ ወጣ፤ በ2018 በጸናው ሕግ የቀረው የተክሉ ቁጥር ነው።

መለኪያው ሲለወጥ

ካሊፎርኒያ በ2016 ሌላ ድምፅ ሰጥታ ካናቢስን ለአዋቂዎች ሁሉ ፈቀደች፤ የንግዱ ፈቃድም ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለግል የሚያበቅል ሰው አሁንም በቤቱ 6 ተክል ተፈቀደለት። ለንግድ የሚያመርተው ግን በአብዛኛው የሚለካው ተክሉ በሸፈነው ስፋት ሆነ። እስከ 5,000 ስኩዌር ፊት (465 ካሬ ሜትር ገደማ) አንድ ዓይነት፣ እስከ 10,000 ሌላ ዓይነት ፈቃድ ተዘጋጀ።

ያኔ ስሌቱ ተገለበጠ። አሁን ያጠረው ግንድ ሳይሆን ካሬ ሜትር ነው። በሰፊ ክፍት ቦታ መካከል ቆሞ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታጨድ ዛፍ፣ ትናንት ብልህነት የነበረው፣ ዛሬ ቦታ ማባከን ሆነ። ብዙዎች ወደ ትናንሽና የተጠጋጉ ተክሎች ዞሩ። በላስቲክ ቤት ውስጥ ጥቁር ሸራ እየጋረዱ ሌሊቱን በማስረዘም ተክሉ ቶሎ እንዲያብብ አድርገው በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማጨድ ያዙ። ለዚህም «ድብልቅ ብርሃን» የሚባል ሌላ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። የሐምቦልት ካውንቲ የጣለው ግብርም በሜዳ ለሚበቅለው በስኩዌር ፊት 1 ዶላር፣ ለድብልቅ ብርሃኑ 2፣ በቤት ውስጥ ለሚበቅለው 3 ዶላር ነበር። ግዙፉ ዛፍ ፈጽሞ አልጠፋም። በግል ጓሮና፣ ከስፋት ይልቅ 50 ተክል መቁጠርን በሚፈቅደው አነስተኛ የሜዳ ፈቃድ ውስጥ ቦታ አገኘ። ይህም የሚያሳየው መቁጠር ባለበት ሁሉ ዛፍ እንደሚኖር ነው።

ሦስተኛው መለኪያ ክብደት ነበር። ግዛቲቱ ከ2018 ጀምሮ በእያንዳንዱ አውንስ የደረቀ አበባ ላይ 9 ነጥብ 25 ዶላር፣ ማለትም በፓውንድ 148 ዶላር፣ ከአምራቹ ወገን ትሰበስብ ጀመር። በ2022 አውንሱ 10 ነጥብ 08 ዶላር ደረሰ፤ በፓውንድ 161 ዶላር መሆኑ ነው። ፓውንዱ 1,000 ዶላር ሲሸጥ ይህ 16 በመቶ ነው። ከ2021 ወዲህ ግን ገበያው በምርት ተጥለቅልቆ በሜዳ የበቀለው ዋጋ ወደ ጥቂት መቶ ዶላር ወረደ። ፓውንዱ 400 ዶላር ሲሸጥ ያው ግብር 40 በመቶ ሆነ። በቤት ውስጥ የበቀለው በተሻለ ዋጋ ስለሚሸጥ ሸክሙ ይቀልለታል፤ የሜዳው ግን ርካሽ ሆኖ እኩል ይከፍላል። ሐምቦልት ግብሯን በ2022 በ85 በመቶ ስትቀንስ፣ ግዛቲቱ ደግሞ የክብደቱን ግብር ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አነሳች። ለብዙ አነስተኛ እርሻዎች ግን ዘግይቶ ነበር።

ለእኛ ገበያ

የእኛ ነጋዴ ከዚህ ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ ቢሄድ ይበቃዋል።

አንደኛ፣ የሚቆጠረው ምንድን ነው? ጎመን በእስር ሲሸጥ እስሩ ይቀጥናል። ቤት በክፍል ብዛት ሲከራይ ግድግዳ ይበዛል። ተሸካሚ በምልልስ ሲከፈለው ሸክሙ ይቀልላል። ውል ስትፈርሙ ከዋጋው በፊት መለኪያውን አንብቡ።

ሁለተኛ፣ ገደሉ የት ነው? የግብር እርከንም ሆነ የፈቃድ ጣሪያ ባለበት ሁሉ አንዲት «መቶኛ ችግኝ» አለች። ወጪዋን በተራ የዕቃ ዋጋ ብቻ ማስላት ስህተት ነው።

ሦስተኛ፣ መለኪያው ነገ ቢለወጥ የትኛው ሀብቴ ይወድቃል? ለግዙፍ ዛፍ የተገዛው ከረጢት፣ አፈርና ዕውቀት ሁሉ የተመሠረተው በአንድ የሕግ አንቀጽ ላይ ነበር። አንቀጹ ሲለወጥ ትርፉም አብሮት ሄደ። በመለኪያ ክፍተት የሚገኝ ትርፍ እውነተኛ ትርፍ ነው፤ ዕድሜው ግን የመለኪያው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ወጪውን ቶሎ ሊመልስ የማይችል ገንዘብ እዚያ ላይ ማሰር አይመከርም።

በመጨረሻ አሜሪካ ዘመድ ላላቸው አንባቢያን አንድ ነገር እንጨምር። በግዛት ፈቃድ ያለው የካናቢስ ንግድ ውስጥ ገብቶ መሥራትም ሆነ ድርሻ መያዝ ዜግነት ላላገኘ ሰው ሌላ ገደል አለው። የአገሪቱ የዜግነትና ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በግዛት ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ በካናቢስ ሥራ መሳተፍ ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው «መልካም ሥነ ምግባር»ን ለማስመስከር እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ግዛቱ በካሬ ሜትር ሲለካ፣ ኢሚግሬሽኑ በሌላ ሚዛን ይለካል። «ጥሩ ትርፍ ያለው እርሻ ተገኝቷል፣ ገንዘብ ላኩ» የሚል ጥሪ ሲመጣ፣ ከትርፉ በፊት «በማን መለኪያ?» ብሎ መጠየቅና ጠበቃ ማማከር ተገቢ ነው።